ለካ

ማክታን ደሴት ላይ ነን፣ ከኤርፖርቱ ጀርባ፤
ሳምንት ሙሉ ዝናብ በቆርቆሮው ሽንቁር ሲገባ
ባልዲ ደቅነንበታል።
አውሮፕላን ባረፈ ቁጥር ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ጊታሮች
ማንም ሳይነካቸው በሆዳቸው ያጉረመርማሉ፣
ምሳ እንዳለፈባቸው ሠራተኞች።

ካታሎጉን ዘርግቻለሁ።
ኖኖይ በትከሻዬ አሻግሮ፣ ጣቱ ከዓይኑ እየቀደመ ያነባል፤
ልጅ ነው፣ ዋጋ አይፈራም፤ ሁሉም ይገዛ ይላል።

ይኸኛው ጎን ማጠፊያ፣ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ፤
ማሆጋኒውን እንደ ወገብ የሚቀለብስ፣ ሳይሰነጥቅ።
ይኸኛው የፍሬት መቁረጫ፣ ሃያ ጥርስ ያለው ብረት፣
ለመጋዙ በየተራ ቦታ የሚያሳይ፣ ያለ አንዳች ስህተት።
ያኛው የአንገት መግጠሚያ፣ ከአልሙኒየም የተሠራ፣
ዘንበል ማለቱን በብሎን የሚያስር፣ ቀኝ የማይል፣ ግራ።

ኪሴ አንዱን ብቻ ይችላል።
እሱንም በዱቤ፣ ከሩዙ ተቀንሶ፣
የጣሪያው ጥገና ለከርሞ ተመልሶ።

«የፍሬቱን!» አለ ኖኖይ። እኔም ልቤ እዚያ ነበር።
የአባቴን የፍሬት ፎርማ ትናንት አውርጄዋለሁ፣ መብራት ሥር፤
ላንግካ ከሚሉት ዛፍ ጉራጅ የሠራው ነው፣
በዕድሜ በአራት ዓመት ይበልጠኛል፣
ጫፉን ምስጥ ቀምሶታል፣
መሐሉ ከላቡ የተነሣ ጠቁሯል።

በጥርስ ብሩሽ ጠረግሁት።
የካሊፐሩን አፍ ከፈትኩ፣ ትንፋሼን ዋጥኩ።
አንደኛው ልክ። ሁለተኛው ልክ።
እስከ ስድስተኛው በደስታ ወረድኩ፤
ሰባተኛው ላይ ቆምኩ።

ደግሜ ለካሁ።
የሦስት ፀጉር ውፍረት ወደ አንገቱ ሸሽቷል።
ሦስት ፀጉር ለዓይን ምንም አይደለም፤
ለጆሮ ግን ጫማ ውስጥ የገባ ጠጠር ነው፣
ከጣት ጣት እየዞረ ይጎረብጣል።

አባቴ ክሪስፑሎ በረንዳው ላይ ነው፤ ዓይኑን ካጣ ሁለት ዓመቱ።
«ሠላሳ ዓመት ሙሉ» አልኩት፣
(አልዋሽም፣ ድምፄ ውስጥ ትንሽ ኩራት ነበረ)
«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰባተኛህ ሲዋሽ ኖረ።»

ዝም አለ። ጠብታ የሚቆጥር መሰለኝ።
ከዚያ፣ «ወረቀቷስ?»
«የቷ ወረቀት?»
«ከሲጋራ ፓኮ የቀደድኳት። ሰባተኛው ጥርስ ጎን ያለችው።
ትልቁ አውሎ ነፋስ የመጣ ጊዜ እንጨቱ ውኃ ጠጣና አበጠ፣
ሲደርቅም ቦታውን ለወጠ፤
በኮላ ለጥፌያት ነው የመለስኩት።»

ሰጋቱራው ውስጥ ተንበረከክሁ። ኖኖይም ተንበረከከ።
ባልዲው ሞልቶ ፈሰሰ፣ ማን ልብ ብሎት!
ብሩሼ ነቅሏት ኖሯል፤
የጥፍር ታህል ብጫቂ፣ አንድ ጎኗ አሁንም ቀይ ቀለም ያለባት።
ወደ ቦታዋ መለስኳት።
ለካሁ።

ለካ አባቴ
አስቀድሞ ለካ፣ ኋላ ነው የለጠፈ፤
ለካ ልክ ያልነበረው
የለኪዋ እጅ ነው፣ እየጠረገ የገፈፈ።

ይቅርታ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልጠበቀ፤
እኛ ቤት እንዲያ ያለ ነገር አልተለመደም።
«አንገቱንስ» አልኩት፣ «በምን ፎርማ ነበር የምትገጥመው?»
«በምን ፎርማ!» ብሎ ሳቀ።
ባዶ አየር በሁለት እጁ ይዞ ወደ ብርሃን አነሣ፣
እንደ ድሮው ራሱን ዘንበል አደረገ፣
ከሁለቱ ዕውር ዓይኖቹ አንዱን ጨፈነ።

ፎርማ ይወረሳል። ብጫቂ ወረቀት ይወረሳል፣
ምስጡም አብሮ።
ያ አንድ ዓይን ግን

የአንገት መግጠሚያው ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ።
ኖኖይ አኮረፈ።
አባቴ ዋጋውን ጠየቀ፤ ነገርኩት፤
በጥርሱ መሐል ረጅም አፏጨ፣
«በዚህ ዋጋ» አለ፣ «ዕውርም ያበራ እንደሆን ጠይቂልኝ።»

ባልዲውን ልደፋ ተነሣሁ።